ከሁሉም ጋር ለተጫወተችው እህቴ

እታለሜ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ለሞተ ሰው እንዲህ ተብሎ ይጻፍ አይጻፍ አላውቅም፤ እኔ ትምህርት ያቆምኩት እዚያ ምዕራፍ ሳይደረስ ነው። ከተለየሽን ክረምቱ አልፎ፣ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ጾሙም ተፈትቶ፣ ይኸው ዓመት ሊሞላሽ ነው። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ፣ ቤሩት እያለሽ በስልክ ስዋሽሽ እንደነበረው ደህና ማለቴ ነው።

ቤቱ ያው ነው። ባንቺ ላብ የተመታው ቆርቆሮ አልዛገም፤ ዝናብ ሲመታው ግን እንደ በፊቱ ደስ አይልም። የጎረቤታችን የእታ ዘውዴ ውሻ አሁንም እኔን ሲያይ ይጮሃል፤ ምን እንዳደረግሁት እሱና እኔ እናውቃለን። ባጃጇንም እየነዳሁ ነው፣ ሙዚቃ ግን አልከፍትባትም። የሐዘንተኛ ባጃጅ ሐዘንተኛ ናት። የማያውቀኝ ተሳፋሪ «ምነው፣ ባጃጅህ ዲዳ ናት እንዴ?» ሲለኝ «አይ፣ ተቀይማኝ ነው» እለዋለሁ። ከተማችን መካነ ሰላም ውስጥ የሚያውቁኝ ግን ምንም አይሉም፤ ዝም ብለው ተሳፍረው ዝም ብለው ይወርዳሉ። እኔን ዝም ያሰኘሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ደስ ይበልሽ።

አሁን ትልቁን ነገር ልንገርሽ። እማ «ልጄ አልሞተችም» ስትል ነው የከረመችው።

ሳጥንሽ ታሽጎ ነው የመጣው። አዲስ አበባ ላይ ያስረከቡን ሰዎች እንዳይከፈት ተብሏል አሉን፤ ልቧ ቆመ ከማለት ሌላም የነገረን የለም። በደሴ አድርገን በአይሱዙ አመጣንሽ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ ሲያንገጫግጨን ዋለ። እኔ ከኋላ ሳጥኑን ደግፌ «ቀስ በል፣ ታማለች» እያልኩ ሹፌሩን ስጨቀጭቀው ነበር። ለምን ታማለች እንዳልኩ እንጃ። እማ በቀብሩ ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኗን ከሳጥኑ አልነቀለችም። ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ሰው ሁሉ በሰማበት፣ «ፊቷን አላየሁም። ፊቷን ያላየኋትን ልጅ ቀበርኩ አልልም» አለች።

አለቀ። ከዚያ ወዲህ መቃብርሽ ደጅ ደርሳ አታውቅም። በቀደም የነፍስ አባታችን መጥተው «ዓመቷ እየደረሰ ነው፣ ተዝካሯ ይውጣላት፣ ነፍሷም ትጠብቃለች» ቢሏት፣ «አባ፣ በቁሙ ላለ ሰው ተዝካር ይወጣል እንዴ? ሟርት አይሆንም?» ብላ መለሰችላቸው። ዕድርተኛው ያንሾካሹካል። አንዱ አላህ ሶብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጣት ይላል፣ ሌላው ጸበል ትወሰድ ይላል። እኔም በእሷ ልፍረድ እንዴ? የማላውቀው ቁጥር ስልኬ ላይ ሲጠራ አንቺ ትመስይኛለሽ። አንስቼ «ሄሎ» ስል ያ ሰው ባጃጅ ፈልጎ ነው።

ወደ ሸክላዎቹ ልምጣ፣ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩትም ለእነሱ ነው። ቤሩት የምትሠሪላት የእመቤትሽ አባት፣ ጅዶ እያልሽ የምትጠሪው ሽማግሌ፣ ከሰዓት በኋላ እነዚያን እንደ ሰፌድ የሚሽከረከሩ ጥቁር ሸክላዎቹን ሲያጫውት፣ አንቺ እዚያው ክፍል ልብስ ትተኩሻለሽ። ስልክሽን መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ትቀጂና ከሽፋኑ ፎቶ ጋር ትልኪልኛለሽ። «ሙሉውን ስማና ምን እንደተሰማህ ንገረኝ፤ ሳትሰማ ብትዋሽ አውቅብሃለሁ» ትይኛለሽ። እኔ ደግሞ ከሙዚቃ የማውቀው የሠርግ ዘፈንና የባጃጅ ጥሩምባ ነው።

የመጀመሪያው ሽፋኑ ላይ ጸጉሩን ያንጨባረረ ሽማግሌ በቀጭን ዱላ አየር የሚመታበት ነበር። ሲጀምር ዝም አለ። ስልኬ የተበላሸ መስሎኝ ድምፁን እስከ ጥጉ ከፈትኩት። ከዚያ ያ ሁሉ ቫዮሊን ባንዴ ሲጮህ ባጃጇን ቦይ ውስጥ ልከታት ነበር። «ይሄ ፍሬን በጥሶ ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና ነው፤ ይገለበጣል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ተጨበጨበለት» ብዬ ጻፍኩልሽ። የጸጉራሞቹ ነጮች አልበም ደግሞ የወፍጮ ቤት ቀበቶ ሲንሸራተት ነው፤ ዘፋኙም ጣቱን በር የቀረጠፈው ሰው። ያም ሆኖ መሀል ላይ ጭንቅላቴ ሳላዘው መነቅነቅ ጀመረ። የዐረቧ ዘፋኝ አልበም አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ከመናኸሪያ ሰው ጭኜ፣ አድርሼ፣ ሌላ ጭኜ ስመለስ ሴትዮዋ ገና ያንኑ ቃል ታሻሻለች፣ ሕዝቡም መንዙማ ቤት እንዳለ ሁሉ «አላህ፣ አላህ» ይላል። የስልክ ጥገናው ጓደኛዬ እንድሪስ ሲሰማት የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ አለቀሰ። የጃማይካው እንደሚያነክስ በቅሎ ነው፤ ግን የማይወድቅ በቅሎ። እሱን ወድጄዋለሁ።

ጥሩምባው ሌላ ነው። እኛ ሰፈር በማለዳ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሞቷል ማለት መሆኑን ጅዶ የት ያውቃል። የዚያን ጥቁር አሜሪካዊ አልበም ኤርፎን ሰክቼ ስከፍት፣ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ከሩቅ ሲነፋው ደንግጬ ወጣሁና እታ ዘውዴን «ማን ሞተ?» አልኳት። «ማን እንዲሞትልህ ፈልገህ ነው፣ አንተ ሟርተኛ» ብላ በመጥረጊያ አባረረችኝ። ይህን ስጽፍልሽ ሳቅሽን በድምፅ ላክሽልኝ። ብዙም ሳይቆይ ጥሩምባው እኛ ደጅ ተነፋ። ኤርፎን ጆሮዬ ላይ አልነበረም። እኔ ግን ያንን አልበም የምሰማ መስሎኝ፣ ላጠፋው ስልኬን በኪሴ ስፈልግ ነበር።

በሁሉም አልበም ላይ አንድ የማደንቀው ሰውዬ እንደነበረ ታስታውሻለሽ? ያ «ጭሽሽ» የሚያደርገው። ቫዮሊኖቹ መሀል አለ፣ ከጃማይካዎቹ ጋር አለ፣ የዐረቧም ጋ አለ። «ይሄ ሰውዬ ጎበዝ ነው፤ የማይጫወትበት ባንድ የለም፣ በጣም ሀብታም መሆን አለበት» ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺም «እሱማ ስመ ጥር ነው፤ ሁሉም ይጠሩታል፣ ያለ እሱ አይሆንላቸውም፣ ግን ቁጭ ብሎ አያውቅም» ብለሽ መለስሽልኝ። እኔም አምኜ፣ ለባጃጅ ሰልፈኛው ሁሉ ስለ ሰውዬው ሳወራ ከረምኩ።

አርባሽ ካለፈ በኋላ ነው፣ እንድሪስ ሱቁ ውስጥ የጥሩምባውን አልበም ከኢንተርኔት አውርዶ ከፈተው። ጭሽታው የለም። «ቆርጠህበታል፣ ዋናውን ተጫዋች አውጥተኸዋል» ብዬ ተቆጣሁት። ያንቺን ባንድ ጆሮው፣ የእሱን ባንድ ጆሮው አድርጎ ብዙ ሰማ። ከዚያ ሁለቱንም አወጣና «ወላሂ ይሄ የእንፋሎት ካውያ ነው። ይመር፣ ይሄ ሰውዬ አይደለም። ይቺ እህትህ ናት» አለኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። መካነ ሰላምን በሙሉ የምሸውደውን እኔን ሸውደሽኝ ሄድሽ። ሆዴን ይዤ ስስቅ እንድሪስ ትከሻዬን ይዞ «አብሽር፣ አብሽር» ይለኝ ጀመር፤ እያለቀስኩ መሆኔን ያን ጊዜ አወቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም። የምሰማው አንቺን ነው። ሙዚቃው ሲጮህ ትጠፊያለሽ፤ ዝግ ሲል ትመጫለሽ። ነጠላ ጫማሽ ምንጣፉን ሲልስ፣ ሸሚዝ ሲራገፍ፣ ከዘፋኙ ጋር ሳይሆን ለራስሽ የምታንጎራጉሪው። ጸጉራሞቹን አሁን የምጠላቸው አልበማቸው ውስጥ ለአንቺ የሚሆን ቦታ ስለሌላቸው ነው። ባዶዬን ስነዳ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነሽ የምትተኩሺ ይመስለኛል፤ በመስታወት አያለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ዞር ብዬ «እዚህ ነው የምትወርጂው?» አልኩ። ማንም አልነበረም። ፍሬን ይዤ ትንሽ ቆየሁ።

ከሁሉ የከፋው መጨረሻ የላክሽው ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን ፒያኖ የሚጫወትበት። ሰውዬው የሚቸኩልበት ነገር የለም፤ አንዱን ነክቶ ድምፁ እስኪሞት ይጠብቃል። እዚያ መሀል ካውያው ይቀመጣል። ወንበር ይንቋቋል። «ውይ ወገቤ» ትያለሽ። ከዚያም ከትከሻው ኩንታል እንዳወረደ ሰው ትተነፍሻለሽ። ለእኔ ስትደውዪ አንድም ቀን እንደዚያ ተንፍሰሽ አታውቂም። ለእኛ ስትደውዪ ትስቂያለሽ፤ እዚያ ግን ማንም የሚሰማሽ አልመሰለሽም።

ይህን ለእማ ላሰማት ወይስ ልደብቃት? እንቅልፍ አጥቼ የከረምኩት በዚህ ነበር። ልጄ ትመጣለች ብላ ደጅ ደጁን ለምታይ እናት የልጇን ኮቴ ማሰማት ምን ዓይነት ቀልድ ነው? «ይኸው አለች፣ ተናገረች እኮ» ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ? እንድሪስን ብጠይቀው «እኔን አትጠይቀኝ፣ እናትህ ናት» አለኝ። ሌላ ሰውም አላማከርኩ፤ የኔን ወሬ ማን ያምናል፣ «ይመር ነው እንዴ ያለው?» ብለው ነው የሚያልፉት።

ባለፈው ረቡዕ እማ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ጥጥ ትፈትላለች። እኔ ጥግ ይዤ ፒያኖውን እሰማለሁ። እያየችኝ ኖሯል። «አንተ ቀልማዳ፣ ምንድን ነው በጆሮህ የወተፍከው? ይሄ ሐዘን ቤት ነው ወይስ ሠርግ ቤት?» አለችኝ። ሐዘን ቤት ብላ ራሷ ጠራችው፣ ራሷም ያለችውን ሰማችው። እኔም ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩና አንዱን ኤርፎን ዘረጋሁላት። «ቀልድህ ከሆነ ዛሬ አልምርህም» አለችኝ። «ቀልድ አይደለም እማ፤ ዘፈኑን ተዪው፣ ከበስተኋላው ያለውን ስሚ» አልኳት።

ሰማች። እንዝርቱ እጇ ላይ ቆመ። «ማናት?» አለች። ድምፁን ከፍ አደረግሁላት። «እግሯን ትጎትታለች። የኔ ትርንጎ እግሯን አትጎትትም፣ ይቺ ሌላ ሴት ናት» አለች፣ እየተቆጣች። ትንሽ ቆይቶ «ውይ ወገቤ» ያልሽበት ደረሰ። እማ እጇን ወሰደችና የራሷን ወገብ ያዘች። እታለሜ፣ ፊቷን ላላየው ብዬ መሬት መሬቱን ነበር የማየው። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ፒያኖው ካለቀም በኋላ፣ ሸክላው ባዶውን ሲንኮሻኮሽ፣ እሱንም ሰማችው።

«በስልክ ትስቅ ነበር እኮ» አለች። «ሁልጊዜ ትስቅልኝ ነበር።»

ይኸው አለች እስክትል ጠበቅሁ፤ የምመልሰውን እንኳ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። አላለችም። ኤርፎኑን ከጆሮዋ አውጥታ፣ በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችኝና «ደክሟታል» አለች። ቀጥላም፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ «እኔ ፊቷን ስፈልግ ድካሟን አላየሁም። ሳጥኑ ውስጥ ያለችው የኔም ትሁን የሌላ እናት፣ ደክሟት የመጣች ልጅ ናት። ዓመት ሙሉ ደጅ ላይ አቆምኳት። ሂድ ለአባ ንገራቸው፣ ተዝካሯ ይውጣላት። ትረፍ» አለች። ከዚያ እንዝርቷን አነሳች፤ ክሩ ተበጠሰባት፣ ቀጠለችው፣ ደግሞ ተበጠሰ።

አሁን ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጠላው ተጠንስሷል፤ እታ ዘውዴ «እኔ ሳልቀምሰው ይመር ጋኑ ጋ እንዳይደርስ» ብላ ጠባቂ አቁማብኛለች። እንድሪስም ለእስላሞቹ ለብቻ እንዲታረድ ከእማ ጋር ተነጋግሯል። የነፍስ አባታችን ስነግራቸው መጀመሪያ አላመኑኝም። ቤት ድረስ መጥተው እማን ጠይቀው ነው ያመኑት።

አልረሳሽም ብዬ አልምልልሽም፤ የኔን መሐላ ታውቂዋለሽ። ይህን ብቻ ልንገርሽ፦ ብዙዎቹ ጓደኞቼ በጅቡቲ በኩል ወጡ፣ እኔንም ና ይሉኛል። አልሄድም። እማን «ደህና ነኝ» እያለ በስልክ የሚስቅላት ሌላ ልጅ አይኖራትም። ድካሜንም ቀልዴንም እዚሁ፣ ፊቴን እያየች ትቀበለኛለች። የመቃብርሽን ሣር እኔ አጭደዋለሁ፣ ዘንድሮም፣ ከርሞም፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላም። ስምሽንም እጠራዋለሁ፣ ማንም ባይጠይቀኝ እንኳ።

ነገ ጠዋት እማን በባጃጅ ይዣት እመጣለሁ። ከቀብሩ ወዲህ ወደ መቃብርሽ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው፣ እኔ ከራስጌሽ አስቀምጫት ራቅ እላለሁ። ብዙ ታወራሻለች፤ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው አለ። አንቺ እናታችን ስትመጣ ብድግ ማለት ልማድሽ ነው። ነገ ግን እንደተኛሽ ስሚያት። እንዳትነሺላት።

ወንድምሽ ይመር