በዳንግላ መሀል የተከራየሁልህ ቤት

ዳንግላ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአየነው፤ ከአዲስ አበባ ብርድ መድኃኔ ዓለም ይጠብቅህ። እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

«ከመሀል ከተማ ምርጡን ያዢ» ብለህ በላክህብኝ መሠረት፣ አውቶቡስ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ተከራይቻለሁ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ባለመስታወት ነው፤ መኝታ ቤቱም ለብቻው ነው። አልጋው ለአንድ ሰው ይሰፋል። ደጁ ቀኑን ሙሉ ግርግር ነው፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ግን የለም።

እሑድ የሰፈሩ ሴቶች ቤቱን ሊመርቁልኝ ሲመጡ ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። አከራዬ እትዬ ውብአየሁ፣ «አባወራው የታል? ማን ሊቆርሰው ነው?» አሉ።

«በዛሬው አውቶቡስ ይመጣል» አልኩ።

አውቶቡሱ መጣ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አለቀ።

«ባልሽ እንደ ታቦት በዓመት ነው እንዴ የሚወጣው? በይ የኔው ባል ክንዴ ይቁረሰው!» ብለው ሴቶቹን አሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቢላዋውን ግን አልሰጠሁም። ሳይቀምሱ መርቀውኝ ሄዱ።

ስትመጣ ሌላ እጋግራለሁ፤ ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ።

የሰፈርህን ሰዎች ሰላም በልልኝ። ክንዴ ለንግድ እዚያ ወርዶ ሳለ ሕፃን ታቅፈህ አይቶህ ነበር። የጎረቤት ልጅ ይሆናል አልኩት። ሕፃኑንም ሳምልኝ።

ናፋቂህ ዋጋዬ