መብራቱ ሳይበራ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? እዚያ ዓሣ ገበያ እርጥብ ወለል ላይ መዋልሽን ተይ ብልሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ። የላክሽው የጎመን ኪምቺ ደርሷል፤ እኔ እስክቀምሰው የቡድናችን ልጆች ጠራርገውታል፣ ሆዳሞች! ጽሕፈቴ የአንደኛ ክፍል ልጅ ጽሕፈት ቢመስልሽ አትሳቂብኝ።

የምጽፍልሽ ስለ ቦሚ ነው። አሰልጣኝ ማንግ እሷን ቡድናችን ውስጥ ለማስገባት የላከልሽ ውል ላይ ማኅተምሽን እንዳታሳርፊ። በእህትህ ዕድል ምቀኛ አትሁን እንደምትዪኝ ይገባኛል፤ ግን መጀመሪያ ስሚኝ።

ይህ የኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ ላንቺ የልጅ ነገር ነው። እናቴ፣ እንደሱ የሚጣፍጥ ነገር እኔ አላውቅም። ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ሦስት ሰው ይመጣብኛል፤ ሦስቱንም ጥዬ አልፋለሁ። ጣቴ ከሐሳቤ ቀድሞ ይደርሳል። ያኔ ትናንት የለ፣ ሐዘን የለ። ልንገርሽና ይውጣልኝ፤ አባባን በቀበርን ማግስት ስጫወት መሞቱን ረስቼው ነበር።

እዚህ ቤት ሃያ አራት ዓመት እርጅና ነው። ማንግ ጠዋት ጠዋት ይፈትነናል፤ መብራት ሲበራ ቁልፍ መጫን ነው፣ የዘገየ ይባረራል። ባለፈው ክረምት እጄ መዘግየት ጀመረ። ከምባረር ብዬ ዘዴ ፈጠርኩ፤ መብራቱን መጠበቅ ትቼ፣ ሊበራ ሲል ገምቼ እጫናለሁ። ሠራልኝ! ማንግ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ እንደገና ተወለድክ አለኝ። እየቆየ ግን መቅደም አመል ሆነብኝ። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ እመልሳለሁ። የሊፍቱ በር ሳይከፈት እራመዳለሁ፤ ግንባሬን ስንቴ እንደመታኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ከቡድኑ ማደሪያ ፊት ለፊት ያለውን አስፋልት ልሻገር ቆምኩ። ሰው ሁሉ ቆሟል። ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሊሆን ሲል እግሬ ቀደመ። የጭነት መኪናውን ጥሩምባ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አላስታውስም።

አትደንግጪ፣ ነፍሴ ተርፋለች። እንዳይነግሩሽ የለመንኳቸው እኔው ነኝ። ማንግ መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠና፣ "አይዞህ፣ ወንበርህ ባዶ አይሆንም፤ እህትህም ያው ያንተ ደም ናት" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነበር መሰለኝ። ውሉን የላከልሽ በዚያው ቀን ነው።

ትናንት ምንም ሳልነግራት ለቦሚ ደወልኩ። ማንግ በላከላት መፈተኛ ስንት እንዳመጣች ጠየቅኳት። የነገረችኝን ቁጥር እኔ በጉብዝናዬ ዘመን እንኳ አላየሁትም። እንዴት አድርገሽ ነው ብላት ሳቀችብኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ መብራቱን ማን ይጠብቃል?" አለችኝ።

እናቴ፣ ማኅተሙን ደብቂው። ገበያ ስትሄዱም መንገድ ላይ እጇን ያዢ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ታፍራለች፤ ብታፍርም ያዢ።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ደጅሽ ክፉ ወሬ አይድረሰው። በግራ እጄ ስጽፍ ወረቀቱ እንዳይንሸራተትብኝ ይዛልኝ የቆመችው ነርስም እጅ ነሥታሻለች።

ታላቅ ልጅሽ