ፍሪጁ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ይድረስ በእናት ምትክ ላሳደጉኝ ለታላቅ እህቴ ለማናንግ አውሬልያ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይስ አሁንም ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ያቃስታሉ? እናታችንስ እንዴት ናት? ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ሩዙን ራሷ መልቀም ጀመረች? የዝናቡ ወራት ጣሪያውን ሳይነካው አለፈ? እኔ በሕይወት አለሁ። እስከ ዛሬ «ሁላችንም ደህና ነን» እያልኩ ስጽፍልዎት ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ግን እጄ እምቢ አለኝ።

በገና ዕለት ደውለው «ኤሊሴዮ ካናዳ ገብቶ ኮራብን፣ ድምፁን እንኳ ነፈገን» ያሉት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ሥራ ላይ ነው፣ ተኝቷል፣ ስልኩ ተበላሽቷል እያልኩ ሦስት ወር ሙሉ ዋሽቼዎታለሁ። ታናሻችን አልኮራም፣ ማናንግ። መናገር አይችልም። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩም አይታዘዙለትም። ከኅዳር ጀምሮ እንዲህ ነው። እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት፤ ከሥሩ ልንገርዎ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሱቅ ውስጥ ወድቄ ነበር። ያኔም አልነገርኩዎትም። ቁርስ ሳልበላ ፋብሪካው ውስጥ አሳማ ስበልት ውዬ ነው ራሴን የሳትኩት። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ደንግጣ አምቡላንስ ጠራችልኝ፤ ሐኪሙም ጭማቂ አጠጥቶ ሸኘኝ። እዚህ አገር ሕክምና ነፃ ነው፣ የጤና ካርድሽን ካሳየሽ ማንም ምንም አይልሽም ሲሉን ስለኖሩ ሐሳብም አልገባኝ። በወሩ የአምቡላንሱ ሂሳብ በፖስታ መጣ። ለካ ሐኪሙ ነፃ ነው፣ አልጋውም ነፃ ነው፤ የሚከፈልበት አልጋው ድረስ የሚያደርሰው መኪና ነው። ኤሊሴዮ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «በዚህ ሁሉ ገንዘብ መንገድ ላይ ምሳ ጋብዘውሻል እንዴ?» አለኝ። አብረን ሳቅን። በዚያ ወር ግን የእናታችንን የዓይን መድኃኒት ሳንልክ ቀረን፤ እሱን ያንገበገበው ይኸ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአገራችን ከኢሎኮስ የመጣን ልጆች ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ስንሰበሰብ ተነሥቶ ተናገረ። ወደ ፋብሪካ የሚያመላልሱን፣ እንደ ታላቅ ወንድም ማኖንግ የምንላቸው ፌርሚን ሚኒባስ አላቸው አይደል፣ ከእንግዲህ የታመመ ሁሉ ለእሳቸው ይደውል፣ ቤንዚኑን እናዋጣለን፤ አገር ቤት ሰው ሲታመም ጎረቤት ተሸክሞ አይደል የሚያደርሰው አለ። ሁሉም አጨበጨበ። ማኖንግ ፌርሚንማ ደረታቸውን ነፍተው «ከእኔ ቀድሞ የሚደርስ አምቡላንስ ካለ ጢሜን እላጫለሁ» አሉ። ኤሊሴዮ በየቤቱ እየዞረ ቁጥራቸውን በቀይ ቀለም ፍሪጅ ላይ ጻፈ። ሚኒባሱ ምጥ የያዛትን አደረሰ፣ እግሩ የተሰበረውን አደረሰ፤ አንድ ቀን እንኳ አልዘገየም። የአገሬው ሰው የማያውቀው ብልሃት አገኘን ብለን ኮራን።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ፣ ኤሊሴዮ ደረቅ ዓሣ እየጠበሰ ነበር። ማማሰያው ከእጁ ወደቀ። ዞር ስል አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ አየሁት። ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። አጎታችን ሰክሮ ሲገባ የሚሆነውን እያስመሰለ መስሎኝ ነው፤ ቀልደኛነቱን ያውቁታል። ግድግዳውን ተደግፎ ሲንሸራተት ነው የገባኝ። ስልኩን አንሥቼ የአምቡላንሱን ሦስት ቁጥር ልጫን ስል በደህና እጁ ወደ ፍሪጁ እያሳየ «ፌርሚን… ፌርሚን ጋ ደውይ» አለኝ፣ ምላሱ እየተሳሰረ። ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸ ነው። ደወልኩ። ማኖንግ ፌርሚን የከሰዓቱን ፈረቃ ጭነው ፋብሪካው በር ላይ ነበሩ። «ሃያ ደቂቃ» አሉኝ። በረዶው መንገዱን ዘግቶባቸው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ ብርድ ነው፣ ድካም ነው እያልኩ መዳፉን በዘይት ሳሽ ነበር።

የከተማችን ሆስፒታል የጭንቅላት ፎቶ የሚያነሣ ማሽን የለውም። ወደ ትልቁ ከተማ አሻገሩን፤ በምን መሰለዎት? በአምቡላንስ። መሽቶ ስንደርስ ያገኘናት ሐኪም መቼ እንደጀመረው ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ሰዓቷን አየች። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት አለ፣ የሚሰጠው ግን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ነው፣ አሁን አልፏል አለችኝ። አምቡላንስ ቤት ድረስ መጥቶ ቢሆን ባለሙያዎቹ ስትሮክ መሆኑን ለይተው በቀጥታ ወደ እኛ ያመጡት ነበር አለችኝ። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ ከፋብሪካው ቢሮ አንዲት ሴት አበባ ይዛ ልትጠይቀን መጣች። አምቡላንስ ለምን እንዳልጠራሁ ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። «እንዴ፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ኢንሹራንስ እኮ የአምቡላንሱን ይከፍላል! ስትቀጠሩ በሰጠናችሁ መጽሐፍ ላይ አለ» አለችኝ። መጽሐፉ የት እንዳለ አላጣሁትም። ኤሊሴዮ የምግብ ጠረጴዛችን እንዳይወዛወዝ አጥፎ እግሩ ሥር አድርጎት ነበር። ጎትቼ አወጣሁት። ገጽ አሥራ አራት ላይ አለ፣ ሁለት መስመር ነው። ለእኔ የከፈልነውንም ይመልሱልን ነበር። አሁን ጠረጴዛው እየተወዛወዘ ሾርባው ይፈስበታል፤ እኔ ደግሞ ያንን መጽሐፍ መልሼ እዚያ ማድረግ አልቻልኩም።

ማኖንግ ፌርሚን ባለፈው እሑድ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። በር ላይ ቆመው አለቀሱ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ማለት ነበረብኝ፤ ከአፌ አልወጣም። ቁጥራቸውን ከፍሪጁ ላይ በሳሙና ብፈትግ ብፈትግ ደበዘዘ እንጂ አልለቀቀም። ሐኪሞቹ ከዚህ የተሻለ ለውጥ አትጠብቂ ብለውኛል። አልጠብቅም። ተስፋ አለ ብዬ አልጽፍልዎትም፤ የዋሸሁት ይበቃል።

የትናንቱን ነግሬዎት ላብቃ። ሩዝ አነቀውና ፊቱ ጠቆረ። ስልኩን አንሥቼ ሦስቱን ቁጥር ልጫን ስል በግራ እጁ፣ በቀረችው አንዲት እጁ፣ አንጓዬን ጨምድዶ ያዘኝ። ራሱን ይነቀንቃል። ይከፈልልሃል ብዬ ጮህኩበት፤ መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ። አሁን የሚነገረው ነገር እንደማይገባው ሐኪሟ አስረድታኛለች፤ ያ የአምቡላንስ ፍርሃት ግን አልጠፋውም። ጀርባውን ስደበድበው ሩዙ ወጣለት። እጄን የለቀቀኝ ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው።

ለእናታችን ይህን ደብዳቤ አያንብቡላት፤ ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ባለቤትዎ ማኖንግ ሩፊኖ እንዴት ናቸው? እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ልጅዎን ክሪስፒናን በርትታ ትማር ይበሉልኝ፣ ትንሹን ዶድንግንም ይቀፉልኝ። ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎች መጨረሻ ላይ «ኤሊሴዮም ሰላም ብሎዎታል» ብዬ ነበር። ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት። ዛሬ አልጽፈውም።

እህትዎ ኔኒታ
ማኒቶባ፣ ካናዳ
የካቲት 16 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.