ለምን እንደመጣ ያልተናገረው ሰው

ልጄ አርኔል፣ የከተማችን የሀሮዋ እመቤታችን ማርያም በሄድክበት ሁሉ ጥላ ትሁንህ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያው ግን አሁንም ያፈሳል።

እህትህ ማሪቪክ የምትሠራበት ሆስፒታል እንዳንተ ያለ ባለሙያ መጥቶ ነበር፤ ሮዴል ይባላል። የየክፍሉን ሠራተኛ ስለ ሥራው እየጠየቀ፣ ሥራው በኮምፒውተር የሚካሄድበትን አዲስ አሠራር የሚነድፍ ነው። እሷ «ሊያስባርረኝ ነው» ብላ ጠረጠረችው፤ ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት፣ ከላቦራቶሪው አስቸኳይ የደም ውጤት ለሐኪሞች በስልክ እንደምትናገር ደበቀችው። እኔም «ደግ አደረግሽ» አልኳት።

አዲሱ አሠራር ሲጀመር ስልኩ አያስፈልግም ተብሎ ከጠረጴዛዋ ተነሣ። የአንዲት ወላድ ውጤት ለሐኪሙ ሳይደርስ ዋለ፤ ሴትዮዋ ለጥቂት ተረፈች።

ሮዴል ተመልሶ መጣና፣ «ለምን ደበቅሽኝ?» አላት።

«አንተስ ለምን እንደመጣህ መቼ ነገርከኝ?»

«እውነትሽን ነው፣ አልነገርኩሽም» አለ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም የሆዳቸውን ተነጋገሩ። ስልኩም ተመለሰ።

ማሪቪክ ሥራዋ ላይ ናት። እኔ ግን ሰውዬውን ዛሬም በጎሪጥ ነው የማየው። እዚያ ሲንጋፖር አንተንም የሰው እናት እንዲህ ታይህ ይሆን?

እባክህ ልጄ፣ ሰውን ስለ ሥራው ከመጠየቅህ በፊት የመጣህበትን ንገረው። ከሥራ የሚቀነስ ሰው ካለም እውነቱን አትደብቀው። እግዚአብሔር አንደበትህን ያቅናልህ።

እናትህ ኮራሶን