የአባዬ መረብ አጥሩ ላይ ከተሰጣ

ለውድ እናቴ ለወይዘሮ በለጥሻቸው፤

እንደምን ከረምሽልኝ እማዬ? ክረምቱ እንዴት አለፈ? ጉልበትሽስ? ያ የሐይቅ ብርድ ሲነካው እምቢ የሚልሽን የግራ ጉልበትሽን የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አድለሽው ቁጭ ብለሻል? ላሚቱስ ወለደች? እኔ፣ ባለቤቴ ሶሊ እና ልጃችን ዮርዲ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አብዱልከሪም ይባላል። ከእናንተው ከዝዋይ ቲማቲም ጭኖ አዲስ አበባ የሚያራግፍ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ የመኪናው ሸራ ተቀዶ እኔ ጋ ሲያሰፋ ነው አደራ ያልኩት። ምሳ ሳታበዪ እንዳታሰናብቺው። ጸሎት፣ አንቺ የእህቴ ልጅ፣ ለአያትሽ ስታነቢላት ያላማረሽን እየዘለልሽ እንዳይሆን! ቀስ ብለሽ፣ እስከ መጨረሻው። "ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አመጣው" እንደምትይ አውቃለሁ እማዬ። ስልክማ ሞከርኩ። ሐይቅ የሚል ቃል ከአፌ በወጣ ቁጥር "አይሰማኝም፣ ኔትወርኩ ሄደ" ትያለሽ። ሦስት ጊዜ ሄደብን። ወረቀት ደግሞ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ ዮርዲ አሥራ አንድ ዓመት ሞላትና "አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። ልመልስ አፌን ከፍቼ አፈርኩ። ትዝ የሚለኝ ጀርባው ነው። ማለዳ ዳር ላይ ቆሜ እየቀዘፈ ሲርቅ የማየው ጀርባው፣ አንቺ አንገቱ ሥር በነጭ ክር የጣፍሽው ካኪ ሸሚዝ። "ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ በመጀመሪያው ቀን ይዤህ እገባለሁ፣ ከፊቴ ትቀመጣለህ" ብሎኝ ነበር። አንቺም ቆሎ እቋጥርልሃለሁ ብለሽኝ ነበር፤ ረሳሽው? ነሐሴ ላይ ያ የከሰዓት ነፋስ ጀልባውንና መረቡን መለሰና እሱን አስቀረው። አርባው እንደወጣ እጄን ይዘሽ መርካቶ አመጣሽኝና ለወንድምሽ ለጋሼ ዘውገ "ውሃ የሌለበት አገር አሳድግልኝ" ብለሽ ሰጠሽኝ።

አልተቀየምኩሽም። ጋሼ ዘውገ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሸራ መስፋት አስተምሮኝ ይኸው እንጀራ እበላበታለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ራጉኤል ጎን ካለችው ሱቃችን ደጃፍ ሸራ ስዘረጋ ነፋስ ከሥሩ ይገባና ያርገበግበዋል። ያን ጊዜ ተሸካሚው "ዞር በል!" እያለ ቢጮህብኝ እንኳ አልሰማውም። የሐይቁ ዳር ፊላ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነኝ።

እና ቆርጫለሁ። አብሮ አደጌ አሸብር፣ ያው በየዓመቱ የመጀመሪያዋን ዓሣ ሐይቁ ለበደላት ቤት ይገባል ብሎ ደጅሽ የሚያመጣልሽ አሸብር፣ ጀልባው ላይ ቦታ ሰጥቶኛል። ጥቅምት አንድ፣ ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ ገብተን ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ዳር እንወጣለን። ውሃው ካኮረፈ አንገባም፤ ምሎልኛል። እኔም አንድ ትልቅ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ አስነፍቼ አዘጋጅቻለሁ፤ ብወድቅ እይዘዋለሁ። አሸብር ይህን ሲሰማ "ዓሣው ጎሚስታ መጣ ብሎ ይሸሻል" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ!

መረብም የራሴን ልሥራ ብዬ ናይለን ገዝቼ አንድ ሳምንት ደከምኩበት። ኮርቼ ፎቶውን ብልክለት "አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ዝናብ እንዳያስገባ ነው የሰፋኸው?" አይለኝም? ለካ የሸራ ሰፊ እጅ ቀዳዳ አይወድም፤ ሳይታወቀኝ ዓይኑን ሁሉ አጥብቄ አጥብቄ ደፍኜዋለሁ። እንኳን ዓሣ ውሃውም አያልፍበት። ያኔ የአባዬ መረብ ትዝ አለኝ። ዓይኑ ሰፋፊ ነበር፣ ክንዴን አስገባበት ነበር። "ጨቅላው ይለፍ፣ ከርሞ እንገናኛለን" ይል ነበር አባዬ። እሱ ካለፈ ወዲህ ድምፁ እንደዚያ ቀን ቀርቦኝ አያውቅም፤ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ።

መረቡ ቆጥ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። አይጥ እንዳይበላው በየዓመቱ ጆንያውን እንደምትቀይሪለት ጸሎት ነግራኛለች፤ አትቆጫት።

"ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል" ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው። እኔም እፈራለሁ እማዬ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ግን አባቴን በጀርባው ብቻ አውቄው መሞት ይበልጥ ያስፈራኛል። እሱ ያየውን ውሃ፣ ከዚያ ዞሮ ሲያይ ደግሞ ዳር ላይ የቆምሽውን አንቺን ማየት እፈልጋለሁ። ለጥቅምት አንድ አጥንት ይሉ የለ? የዘንድሮዋን የመጀመሪያ ዓሣ እኔ ላምጣልሽና አንቺም እስቲ ለጎረቤት ሳትሰጪ ቅመሻት።

ያለ ፈቃድሽ ግን እግሬን አላረጥብም። እሺ የሚለውን ቃል ከአፍሽ ላውጣ ብዬም አላስጨንቅሽም። ክረምት ሲወጣ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ መረቡን አጥሩ ላይ አስጥቶ ቀዳዳውን ያይ የለ? ባዶውን የሚቀረው የእኛ አጥር ብቻ ነው። በዋዜማው፣ ዓርብ ከሰዓት እመጣለሁ። የአባዬ መረብ ተሰጥቶ ካየሁ መርቀሽኛል ማለት ነው። ካላየሁ አንድም ቃል አይወጣኝም፤ ጉልበትሽን አሽቼልሽ፣ ጨዋታሽን ጠግቤ እሑድ እመለሳለሁ።

እህቴን ሠርኬን ሳሚልኝ፤ ሻሿን ገዝቻለሁ፣ ቀዩን ነው። ጸሎትን ግንባሯን። ለጎረቤትሽ ለእትዬ ሰዓድ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ቅባቱ ተስማማት? ሶሊ ጉልበትሽን ስማለች።

ዮርዲን ይዣት እመጣለሁ። ባጃጁ ወደ ቤት ሲታጠፍ እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ አጥሩ ላይ ያለውን እሷ ትነግረኛለች።

ልጅሽ ሃብታሙ ይሄይስ

መርካቶ፣ አዲስ አበባ
መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.