እንዳላማው ከዝገት የጠበቀው ውጅግራ

ለወንድሜ ለጋሽ አካለ ወልድ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ያ የሚያምዎ ጉልበት የጅማን ዝናብ ቻለው? እትዬ የብርጓልስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት፣ ሮብ ጎሕ ሲቀድ፣ የነፍስ አባቴና ጎረቤታችን ይስማው በሬን ሲያንኳኩ ገና ሳይናገሩ አወቅሁ። ልጄ እንዳላማው የተሳፈረበት መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ ሲወርድ ተገልብጦ ኖሯል። ይህን እርስዎም በስልክ ሰምተዋል። የቀረውን መናገር ስላቃተኝ ቀስ እያልሁ እጽፋለሁ።

ለልጄ አደራ ብለው የሰጡትን የአባታችንን ውጅግራ ይስማው ለቅሶው ላይ ሦስት ጊዜ ተኮሰው። ባሩዱን ቀለሃው ውስጥ የሞላው ራሱ እንዳላማው ነበር፤ ለእኅቱ ለማሬ ሠርግ ብሎ። ከዚያ በሐዘን መሐል ማንም ሳያጸዳው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በሣልስቱ ቀና ብል አፈሙዙ ላይ እንደ በርበሬ ብናኝ ያለ ዝገት አየሁ። ልጄ አስራ አንድ ክረምት የጠበቀውን ብረት የራሱ ለቅሶ ሊበላው ነው ብዬ ደነገጥሁ።

ይስማው ቅቤ ይዞ መጣና ቀባ አድርጊው፣ ይበቃዋል አለኝ። እኔ ግን የእንዳላማውን እጅ አይቻለሁ፤ እንዴት ያለ እጅ ነበር! የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፣ ሳያጥቡ መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ ማሰር ነው ይለኝ ነበር።

ባዶ መሆኑን አይቼ፣ የኋላ መዝጊያውን አውጥቼ የፈላ ውሃ አንቆረቆርሁበት። ይስማው፣ እታለም፣ ሐዘን አዞረሽ እንዴ፣ ብረት በውሃ ይታጠባል? ብሎ ጮኸ። የመጀመሪያው ውሃ ጠቁሮ፣ እንደ ግም እንቁላል ሸቶ ወጣ። አራተኛው ኩልል አለ። ብረቱ ስለጋለ እርጥበቱ ቶሎ ተነነ፤ የቀረውን በዘንግ ጨርቅ እየመላለስሁ አደረቅሁ። ከዚያ የበግ ሞራ ከሰም ጋር አቅልጬ ስስ አድርጌ ቀባሁት። የይስማው ቅቤ ጨው ነበረበት፤ ጨው ደግሞ የብረት ጠላት ነው፤ ይህንንም ያስተማረኝ ልጄ ነው።

ይስማው ወደ ብርሃን አዙሮ ውስጡን አየ። ከዚያ፣ ለካ እኛ ስንቱን ጠመንጃ በቅቤ ገንዘን ቀብረናል! ሲል ሳቄ አመለጠኝ። በማግስቱ የራሱን ይዞ መጣ። የሞተው ልጄ አሁንም ሰው ያስተምራል።

አፈሙዙ ላይ አንዲት ጠባሳ ቀርታለች፤ ይቅር ይበሉኝ። ከእንግዲህ ማን ይያዘው ላሉኝ፣ ማሬ ትጠብቀው፤ ሥራውን አሳይቻታለሁ።

እትዬ የብርጓልን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ ብላለች ማሬ። ሂዊን፣ የሺዋስን፣ ትንሹንም አማረን በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። ይህን ሲያነቡላቸው የሰማ ሁሉ አንድ ጊዜ ይነሣና ነፍስ ይማር ይበልልኝ። በቅዳሴ የሚጠራበት የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ነው። እባካችሁ፣ በዚህ ስም ጸልዩለት።

እኅትዎ አይናዲስ
ሮብ ገበያ፣ ሰኔ ፳፰ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.