ሳይሰጡኝ የሰጠኸኝ ማዕረግ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ ስላላት ግን አልጋዋን ሳሎን አወረድንላት። የቶተንሃሙ ቤት ካንተ በኋላ ጭር ብሏል። አውቶቡስ ስትነዳ የምትለብሰው ኮት አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፤ እሷ አታነሳው፣ እኔም አንሺው አልላት።

ዛሬ የምጽፍልህ የዋሸሁህ ነገር ስላለ ነው።

ፕሮፌሰር ብለህ መጥራት የጀመርከኝ ዶክትሬቴን የጨረስኩ ዕለት ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ፕሮፌሰር የሚባለው ከስንት ዓመት በኋላ፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሲፈቅድ ነው ብዬ ስንቴ አስረዳሁህ። አንተ መች ሰማኸኝ፤ ቸርቹን ሁሉ አስለመድክብኝ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ፕሮፌሰር እያሉ የልጆቻቸውን የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ያሳዩኝ ጀመር። አፍሬም፣ ደስ ብሎኝም አላረምኳቸውም።

በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለማዕረጉ ሦስት ጊዜ አፕላይ አደረግሁ። ሦስቴም ጊዜዋ ገና ነው አሉ። እኔው ሥራ ያስለመድኩት ነጭ ባልደረባዬ ግን በመጀመሪያው አለፈ፤ በጽሑፍ ብዛትም በዓመትም እበልጠዋለሁ። ጥቁር ተማሪዎች ሲያለቅሱ የሚላኩት ወደ እኔ ነው። ለመጽሔታቸው ፎቶ ሲፈልጉም የሚጠሩት እኔን ነው። የማመልከቻው ፎርም ላይ ግን ይህ ሁሉ የሚሞላበት ቦታ የለም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ድምፅሽ ቁጣ አለበት አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ከመግባቴ በፊት መጸዳጃ ቤት ቆሜ ለስለስ አድርጎ መናገር እለማመዳለሁ። እንዲህ ሳደርግ ብታየኝ ታፍርብኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሦስተኛው መልስ የመጣው አንተ ሆስፒታል በተኛህበት ሳምንት ነበር። ሰጡሽ ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ አዎ አልኩህ። እጄን ይዘህ ጌታን አመሰገንክ፤ ለነርሷም በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛህ አወራህላት። አልሰጡኝም፣ አባዬ። ይህን ሳትሰማ ሄድክ።

አሁን የመቃብርህ አፈር ስለረጋ ድንጋይ ልናቆምልህ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚቀረጸውን ጽፈው አመጡልን፤ ከስምህ ሥር የፕሮፌሰር ሜሮን አባት ይላል። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሳምንት ሙሉ ዞርኩ። መጨረሻ ላይ እውነቱን ለእማዬ ነገርኳት። ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ነው የቻልሽው ብላ አለቀሰች። እነዚያ የኮሚቴ ሰዎች ሦስቴ ሲመልሱኝ ያልተናደድኩትን ያህል ያን ቀን ተናደድኩባቸው።

ዘንድሮ አፕላይ አላደረግሁም። ደክሞኛል። ለከርሞም ቃል አልገባልህም።

ትናንት ለድንጋይ ቀራጩ ደውዬ ማዕረጉን አስወጣሁት። የሜሮን አባት ተብሎ ብቻ ይጻፋል። በየልደትህ እየመጣሁ ድንጋዩን አጥበዋለሁ፤ የሆነውንም ሁሉ ሳልዋሽ እነግርሃለሁ።

ልጅህ ሜሮን